ቀዝቃዛ ፕላዝማ ለካንሰር ሕክምና፡- ተስፋውና ማስረጃው

ሰሞኑን አንድ የረዥም ዘመን ወዳጄ ቢሮዬ ድረስ መጣ፡፡ ታላቅ እህቱ የመንጋጋ ካንሰር ታመው ቀዶ ሕክምናም የጨረር ሕክምናም ተደርጎላቸዋል፤ በሽታው ግን ተመልሶ መጥቶ አሁን የማይደርቅ ቁስል ሆኗል፡፡ ወዳጄ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ የዘረጋው ወረቀት ባሕር ማዶ ካለ አንድ የግል ክሊኒክ የተላከለት የዋጋ ማቅረቢያ ነበር፡፡ ክሊኒኩ “ቀዝቃዛ ፕላዝማ” የሚባል ሕክምና እንደሚሰጥ፣ ሕክምናውም ጤነኛውን ሕዋስ ሳይነካ ካንሰሩን ብቻ እንደሚገድል ይናገራል፡፡ ከፍ ያለ ቅድሚያ ክፍያም ይጠይቃል፡፡ የወዳጄ ጥያቄ አጭር ናት፤ “የእናታችንን ቤት እንሽጠው ወይስ አንሽጠው?”

እኔ የተማርኩት ሕግ ነው፤ ስለ ሕክምና ልመክረው አልችልም፡፡ የተነገረውን ከተረጋገጠው ለይቶ መመዘን ግን ሙያዬ ነውና ጥቂት ቀናት እንዲሰጠኝ ጠየቅሁት፡፡ የሚከተለው በእነዚያ ቀናት ካገላበጥኩት የተሰበሰበ ነው፡፡ ነገሩ የሌሎችንም ቤት ማንኳኳቱ አይቀርምና ለአንባቢያን እንዲመች አድርጌ አቅርቤዋለሁ፡፡ ድምዳሜዬን ከወዲሁ ልናገር፡፡ ቀዝቃዛ ፕላዝማ የአጭበርባሪዎች ፈጠራ አይደለም፤ እውነተኛ ሳይንስ ነው፡፡ እውነተኛ ሳይንስ መሆኑ ግን ቤት ተሽጦ የሚገዛ የካንሰር ፈውስ አያደርገውም፡፡

ፕላዝማ ምንድን ነው?

በአገራችን “ፕላዝማ” ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው በ1990ዎቹ መጨረሻ (በእኛ አቆጣጠር) በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባውን ትልቅ ቴሌቪዥን ነው፡፡ ሐኪም ቤት የተመላለሰ ደግሞ የደምን ፈሳሽ ክፍል ያስታውሳል፡፡ የዛሬው ርዕሳችን ከደሙ ፕላዝማ ጋር ከስም በቀር ዝምድና የለውም፡፡ ከቴሌቪዥኑ ጋር ግን የሥጋ ዘመድ ነው፡፡ በዚያ ስክሪን ውስጥ በጥቃቅን ክፍሎች የታሸገ የኒዮንና የዜኖን ጋዝ አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ወደ ፕላዝማነት ይለወጣል፤ የምናየው ምስልም ከዚያ ይወለዳል፡፡

በትምህርት ቤት ቁስ አካል ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ ነው ተብለን ተምረናል፡፡ ፕላዝማ አራተኛው ነው፡፡ ጋዝ በቂ ኃይል ሲያገኝ ከአተሞቹ ኤሌክትሮኖች ይላቀቃሉ፤ የቀሩትም አዮን ይሆናሉ፡፡ ይህ የኤሌክትሮን፣ የአዮንና የጋዝ ቅልቅል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ብርሃን ይሰጣል፡፡ ፀሐይ ፕላዝማ ናት፤ መብረቅም እንዲሁ፡፡ “ፕላዝማ” የሚለውን ስም ለዚህ ሁኔታ የሰጠው አሜሪካዊው ኬሚስት ኢርቪንግ ላንግሙይር ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1928 ነበር፡፡

ፀሐይና መብረቅ የሚያቃጥሉ ከሆኑ “ቀዝቃዛ” የሚለው ቃል ከየት መጣ? መልሱ ከራሳችን በላይ ተሰቅሏል፡፡ በየቢሮው ባለው የፍሎረሰንት መብራት ውስጥ የሚሯሯጡት ኤሌክትሮኖች ሙቀታቸው ወደ 10,000 ዲግሪ ይጠጋል፤ ሆኖም ቱቦውን በእጃችን ብንነካው አያቃጥለንም፡፡ ምክንያቱ ኤሌክትሮኖቹ እጅግ ቀላልና ጥቂት በመሆናቸው ሙቀታቸውን ለከባዶቹ የጋዝ ቅንጣቶች ለማካፈል አለመቻላቸው ነው፡፡ ቀዝቃዛ ፕላዝማ ማለት ይህ ነው፡፡

ፍሎረሰንቱ ግን የሚሠራው አየሩ በተመጠጠ ቱቦ ውስጥ ነው፡፡ ሕመምተኛን እንደዚያ ባለ ቱቦ ውስጥ ማስገባት አይቻልም፡፡ ስለዚህ ለሕክምና የተፈለገው በተራው አየር፣ በተራው የከባቢ አየር ግፊት የሚሠራ ፕላዝማ ነው፡፡ የዛሬዎቹ መሣሪያዎች ሁለት ዓይነት መልክ አላቸው፡፡ አንደኛው እንደ እስክሪብቶ የሚያዝ ሲሆን፣ ሂሊየም ወይም አርጎን ጋዝ በውስጡ እያለፈ በኤሌክትሪክ ይመታና ከጫፉ ቀጭን ሐምራዊ ነበልባል መሰል ነገር ይወጣል፡፡ ሁለተኛው ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ነገር የተሸፈነ ጠፍጣፋ ገጽ ነው፤ ወደ ቆዳ ሲጠጋ በመካከሉ ያለው አየር ራሱ ፕላዝማ ይሆናል፡፡ የዚህኛው አባት ጀርመናዊው ቨርነር ፎን ሲመንስ ነው፤ ኦዞን ለማምረት የሚያገለግል ተመሳሳይ መሣሪያ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1857 ነበር፡፡ በሁለቱም የቆዳው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እንዳይበልጥ ይደረጋል፡፡

ከጀርም ወደ ካንሰር

ካንሰር የመጀመሪያው ዒላማ አልነበረም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1996 ሙኒር ላሩሲ የተባሉ ተመራማሪ በከባቢ አየር ግፊት የሚሠራ ፕላዝማ ባክቴሪያን እንደሚያመክን የሚያሳይ ጽሑፍ አወጡ፡፡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በኔዘርላንድስ አይንድሆቨን የነበሩት ኤቫ ስቶፈልስ “የፕላዝማ መርፌ” የተባለ ጥቃቅን መሣሪያ ሠርተው በሕያው ሕዋሳት ላይ መሞከር ጀመሩ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ በፊላደልፊያ ድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ የእነ ፍሪድማን ቡድን ሜላኖማ በሚባለው የቆዳ ካንሰር ሕዋሳት ላይ ያየውን አሳተመ፡፡ መጠኑ አነስ ያለ ፕላዝማ ያገኛቸው ሕዋሳት ወዲያው አልሞቱም፤ ከሰዓታት በኋላ ግን ራሳቸውን የማፍረስ ምልክት ማሳየት ጀመሩ፡፡

ይህ ትልቅ ነገር ነው፡፡ በሰውነታችን ያረጀ ወይም የተበላሸ ሕዋስ በሥርዓት ራሱን እንዲያፈርስ የሚያደርግ ውስጣዊ ትእዛዝ አለ፡፡ ካንሰርን ካንሰር ከሚያሰኙት ነገሮች አንዱ ይህን ትእዛዝ አልሰማም ማለቱ ነው፡፡ ፕላዝማው የተዘጋውን ጆሮ የሚከፍት መሰለ፡፡

ሕዋሱ ላይ ምን ይሠራል?

ከመሣሪያው የሚወጣው ጨረር ወይም ሙቀት ብቻ አይደለም፤ ኬሚስትሪ ነው፡፡ ፕላዝማው በአየሩ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን፣ ናይትሮጅንና እርጥበት ሰባብሮ ከሌላ ነገር ጋር ለመዋሐድ የሚቸኩሉ ቅንጣቶችን ይፈጥራል፡፡ ኦዞን፣ ናይትሪክ ኦክሳይድና ቁስል ለማጠብ የምናውቀው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ከእነዚህ መካከል ናቸው፡፡ ሰውነታችንም እነዚህን በትንሽ በትንሹ ያመርታል፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ጀርምን የሚገድሉት በከፊል በእነዚሁ ነው፡፡

የተመራማሪዎቹ ዋና መላምት ይህ ነው፡፡ የካንሰር ሕዋስ በችኮላ ስለሚያድግና ስለሚባዛ በውስጡ ያለው የእነዚህ ቅንጣቶች መጠን ከመጀመሪያውም ከፍ ያለ ነው፤ አፉ ድረስ እንደተሞላ እንስራ ማለት ነው፡፡ ከውጭ ጥቂት ሲጨመርበት ይፈስሳል፤ ጤነኛው ሕዋስ ግን ገና ቦታ አለውና ይቋቋመዋል፡፡ የፈረንሳይ ኦርሌያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ሥራ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው፡፡ የሰው የአንጎል ካንሰር ሕዋስ የተተከለባቸውን አይጦች በፕላዝማ ሲያክሙ ዕጢው አነሰ፣ የአይጦቹም ዕድሜ ረዘመ፡፡ የእነዚህን ቅንጣቶች ኃይል የሚያበርድ ኬሚካል ለሕዋሳቱ ሲሰጥ ግን ፕላዝማው መግደሉን አቆመ፡፡ ተጠርጣሪው ከቦታው ሲነሳ ወንጀሉ ካልተፈጸመ፣ ጣታችንን የት እንደምንቀስር እናውቃለን፡፡

ሌላም መንገድ አለ፡፡ በፕላዝማ የተመታ የካንሰር ሕዋስ ሲሞት በገጹ ላይ ለሰውነት መከላከያ ሠራዊት “እዚህ ጠላት አለ” የሚሉ ምልክቶችን ሊያወጣ እንደሚችል በቤተ ሙከራ ታይቷል፡፡ በጃፓን ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ፕላዝማውን በቀጥታ ዕጢው ላይ ከመርጨት ይልቅ ፈሳሽን በፕላዝማ አክመው ፈሳሹን በካንሰር ሕዋሳት ላይ ማፍሰስን እየመረመሩ ነው፡፡

ከሳህን ወደ አይጥ

በዋሽንግተን ከተማ የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ማይክል ካይዳርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ጽሑፍ በብዙ ቦታ ይጠቀሳል፤ የወዳጄ ክሊኒክም ጠቅሶታል፡፡ በአይጦች ቆዳ ሥር የበቀለን ዕጢ ለሁለት ደቂቃ አንድ ጊዜ ብቻ በፕላዝማ አከሙት፡፡ ስፋታቸው አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑት ዕጢዎች ጠፉ፡፡ ክሊኒኩ የጠቀሰው እስከዚህ ድረስ ያለውን ነው፡፡ ጽሑፉ ግን ይቀጥላል፤ ትልልቆቹ ዕጢዎች አነሱ እንጂ አልጠፉም፤ ቆይተውም እንደገና ማደግ ጀመሩ፡፡ በእኛ ሙያ ከምስክር ቃል ግማሹን ብቻ ቆርጦ ማቅረብ ምን እንደሚባል አንባቢ ያውቀዋል፡፡

በአይጥ ቆዳ ሥር ያለ አምስት ሚሊ ሜትር ዕጢና በሰው ጉበት ውስጥ የተቀበረ ዕጢ አንድ አይደሉም፡፡ ከፕላዝማ የሚወጡት ቅንጣቶች ብዙዎቹ ዕድሜያቸው እጅግ አጭር ስለሆነ የሚደርሱት ከላይኛው የሥጋ ሽፋን ብዙም ሳይርቁ ነው፡፡ ስለዚህ ፕላዝማ በባሕርዩ የገጽ ሕክምና ነው፡፡ መላ ሰውነትን የሚዞር እንደ ኬሞቴራፒ ያለ መድኃኒት አይደለም፤ ወደ አጥንት ወይም ወደ ሳንባ የተሰራጨን ካንሰር ከቆዳ ላይ ሆኖ ሊያሳድድ አይችልም፡፡

በሰው ላይ ምን ተደረገ?

በሰሜን ጀርመን የባልቲክ ባሕር ዳርቻ አጠገብ ግራይፍስቫልድ የምትባል አነስተኛ ከተማ አለች፡፡ በሕክምና ላይ የሚውል ፕላዝማ ዋና ማዕከል ከሆኑት አንዷ ናት፡፡ በዚያ የተፈለሰፈው ኪንፔን ሜድ የተባለው እስክሪብቶ መሰል መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 በአውሮፓ ፈቃድ አግኝቷል፡፡ ፈቃዱ ለካንሰር አይደለም፤ ለማይድን ቁስልና በጀርም ለሚመጣ የቆዳ ሕመም ነው፡፡

የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች መሣሪያውን ወደ ካንሰር ሕሙማን ያመጡት በዚሁ በቁስል በኩል ነው፡፡ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ሲጠና ወደ ውጭ ይፈነዳል፤ ቁስሉ በጀርም ይበከላል፣ ይሸታል፡፡ ይህን በቤቱ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ታማሚው ከሕመሙ ይልቅ ሽታው አሳፍሮት ከሰው ይሸሻል፡፡ በፕሮፌሰር ሃንስ ሮበርት ሜቴልማን የሚመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመው ዘገባ ስድስት እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ይመለከታል፡፡ ሽታው ቀነሰ፣ የሕመም ማስታገሻ ፍላጎት ቀነሰ፤ በሁለቱ ሕሙማን ላይ ደግሞ ዕጢው በከፊል ወደ ኋላ ተመልሶ ቢያንስ ለዘጠኝ ወራት ቆየ፡፡ ስድስት ሰው ጥቂት ነው፤ ማነጻጸሪያ ቡድንም አልነበራቸውም፡፡ ሐኪሞቹም ፈወስን አላሉም፡፡ ሆኖም በሽታው ካየለ በኋላ ለሰው ክብሩን የሚመልስ ነገር ትንሽ ነገር አይደለም፡፡

ሁለተኛው ታሪክ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ነው፡፡ ካናዲ ሄሊዮስ የተባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2019 ከአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በሰው ላይ እንዲሞከር ፈቃድ አገኘ፡፡ ሙከራው በቺካጎ ራሽ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከልና በእስራኤል ሼባ የሕክምና ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2020 እና 2021 ተካሄደ፤ ውጤቱ በ2023 ታተመ፡፡ በሙከራው የተመዘገቡት ካንሰራቸው የተሰራጨ ወይም የተመለሰባቸው 20 ሕሙማን ነበሩ፡፡ ሐሳቡ ብልህነት አለው፡፡ ፕላዝማው ትልቁን ዕጢ እንዲያጠፋ አልተጠየቀም፤ ዕጢውን ሐኪሙ በቢላ ያወጣዋል፡፡ ፕላዝማው የሚረጨው ዕጢው በተነሳበት ቦታ ላይ፣ ዓይን የማያያቸው ቅሪቶች ሊኖሩ በሚችሉበት ገጽ ላይ ነው፡፡ የገጽ ሕክምናን ለገጽ ማዋል ማለት ይህ ነው፡፡

ነገር ግን ይህ የመጀመሪያ ምዕራፍ ሙከራ ነበር፡፡ የመጀመሪያ ምዕራፍ ሙከራ በዋናነት የሚጠይቀው “ይጎዳል ወይ?” ብሎ ነው እንጂ “ያድናል ወይ?” ብሎ አይደለም፡፡ በሙከራው መሣሪያው ደኅንነቱ የተጠበቀ መስሎ ታይቷል፡፡ ታማሚዎቹ የኖሩት በፕላዝማው ነው ወይስ በቀዶ ሕክምናው የሚለውን ግን ያለ ማነጻጸሪያ ቡድን ማንም ሊፈርድ አይችልም፡፡

በጀርመን ቱቢንገን የዩኒቨርሲቲው የሴቶች ሆስፒታል ሐኪሞች ደግሞ በማኅፀን በር ላይ የሚታይ የቅድመ ካንሰር ለውጥን በፕላዝማ ለማከም ሞክረዋል፡፡ ቦታው ለዓይንና ለእጅ ቅርብ ነው፤ ለውጡም ገና በላይኛው ሽፋን ላይ ነው፡፡ ለመሣሪያው ባሕርይ ከዚህ የሚስማማ ዒላማ ማግኘት ይቸግራል፡፡

ያልተመለሱት ጥያቄዎች

አንደኛው ጥያቄ “ጤነኛውን አይነካም” የሚለው ነው፡፡ መጠኑ ከበዛ ፕላዝማ ጤነኛውንም ሕዋስ ይገድላል፡፡ ከዚህም ሌላ፣ ብዙዎቹ የቤተ ሙከራ ንጽጽሮች የካንሰሩን ሕዋስ ከአንድ የአካል ክፍል፣ ጤነኛውን ከሌላ ወስደው፣ በተለያየ ፈሳሽ አሳድገው የተሠሩ ናቸው፡፡ ፈሳሹ ራሱ የፕላዝማውን ቅንጣቶች ስለሚውጥ ልዩነቱ ከሕዋሱ ይሁን ከፈሳሹ መለየት ያስቸግራል፡፡

ሁለተኛው የመጠን ጥያቄ ነው፡፡ የጨረር ሕክምና ዓለም የተስማማበት መለኪያ አለው፡፡ በፕላዝማ ግን አንዱ ሂሊየም፣ ሌላው አርጎን ይጠቀማል፤ ርቀቱ፣ የኤሌክትሪኩ ኃይል፣ የክፍሉ እርጥበት ሳይቀር ውጤቱን ይለውጠዋል፡፡ ስለዚህ በአንዱ መሣሪያ የተገኘ ውጤት ለሌላው ምስክር መሆን አይችልም፡፡

ሦስተኛው የቆየ ሥጋት ነው፡፡ እነዚሁ ቅንጣቶች በትንሽ መጠን ሕዋስ እንዲያድግ ያነቃቃሉ፤ ቁስል የሚድነውም በከፊል በዚህ ነው፡፡ ታዲያ ከካንሰር የተረፈውን ቢያነቃቁስ? ቁስላቸው በፕላዝማ የታከመ አይጦች ለአንድ ዓመት ያህል ተከታትለው ዕጢ እንዳልወጣባቸው ግራይፍስቫልድ ላይ ታይቷል፤ ይህ ያጽናናል፡፡ የካንሰር ሕሙማንን ለዓመታት መከታተል ግን ገና የሚቀር ሥራ ነው፡፡

ጥሩ ማስረጃ ምን ይመስላል?

ፕላዝማ ራሱ መልካም ምሳሌ ሰጥቶናል፤ በቁስል ሕክምና፡፡ እ.ኤ.አ. በ2020 በጀርመን የታተመ ጥናት በስኳር ሕመም ምክንያት እግራቸው የቆሰለ ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ፡፡ አንዱ ወገን ፕላዝማ አገኘ፤ ሌላው የማስመሰያ ሕክምና፡፡ ታማሚዎቹ የትኛው እንደደረሳቸው አያውቁም ነበር፡፡ በፕላዝማ የታከመው ቁስል ይበልጥ ፈጥኖ ጠበበ፡፡ እንዲህ ዓይነቱ ማስረጃ በመስቀለኛ ጥያቄ አይወድቅም፡፡ በካንሰር በኩል እስካሁን የጎደለው ይኸው ነው፡፡ በሕግ ቋንቋ የማስረዳት ሸክሙ “ያድናል” ባለው ወገን ላይ ነው፤ “አያድንም ብለህ አስረዳ” ተብሎ ታማሚው አይጠየቅም፡፡

ወደ እኛ ስንመጣ

በአገራችን ለረዥም ዓመታት የጨረር ሕክምና በመንግሥት የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ወረፋው የወሰደውን ሕይወት ስንቱ ቤተሰብ ያውቀዋል፡፡ የባሕር ማዶ ክሊኒክ ወረቀት የሚያማልለውም ስለዚህ ነው፡፡ ነገር ግን ቱቢንገኖች በፕላዝማ ሊያክሙ የሚሞክሩትን የማኅፀን በር ቅድመ ካንሰር ለማግኘትና ለማከም ቀላል መንገድ በእጃችን አለ፤ በአሴቲክ አሲድ ምርመራ ተደርጎ ለውጥ ከታየ በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይወገዳል፡፡ የመከላከያ ክትባቱም እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2018 ጀምሮ ለልጃገረዶች መሰጠት ተጀምሯል፡፡ ለአዲሱ ነገር ከመጓጓት በፊት ያለውን መጠቀም ይቀድማል፡፡

ሕጉም ዝም አላለም፡፡ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሕክምና መሣሪያዎችንና በሰው ላይ የሚደረግ ሙከራን ከፈቃድ ጋር አያይዟቸዋል፡፡ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 20 ደግሞ ማንም ሰው ምርመራንም ሆነ ሕክምናን እምቢ የማለት መብት እንዳለው ይደነግጋል፡፡ ይህ መብት ትርጉም የሚኖረው ሰው የሚቀርብለትን አውቆ ሲመርጥ ነው፡፡

እንግዲህ እንዲህ ያለ ወረቀት የደረሰው ቤተሰብ ቢያንስ አምስት ነገር ይጠይቅ፡፡ መሣሪያው ፈቃድ ያገኘው ለምንድን ነው፣ ለቁስል ወይስ ለካንሰር? የሚቀርበው ሕክምና ነው ወይስ ሙከራ? ሙከራ ከሆነ የት ተመዘገበ፣ የትኛውስ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቀደው? ሙከራ ከሆነ ታማሚው ስለምን ይከፍላል? በመጨረሻም፣ እንደ እኛ ታማሚ ያለ ካንሰር፣ በዚሁ ደረጃ ላይ ያለ፣ በስንት ሰው ተሞክሮ ምን ተገኘ?

እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ከወዳጄ ጋር ሆነን ለክሊኒኩ ጻፍንለት፡፡ በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ፤ ከአምስቱ አንዱንም አልመለሰም፤ የዋጋ ቅናሽ ግን አድርጓል፡፡

ቤቱ አልተሸጠም፡፡ ወዳጄ የግራይፍስቫልዱን ዘገባ አሳትሞ ለእህቱ ሐኪም ወሰደው፡፡ ሐኪሙ መሣሪያው በእጃቸው እንደሌለ ነገሩት፤ ነገር ግን ሽታውን የሚቀንስ የቁስል እጥበትና የተሻለ የሕመም ማስታገሻ እዚሁ እንዳለ አስረድተው በዚያው ሳምንት ጀመሩላቸው፡፡ ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር፡፡ ከጓዳ ወጥተው ሳሎን ተቀምጠው፣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ቡና ሲጠጡ አገኘኋቸው፡፡